የዘመን መስመር በኮምፒዩተር፤ ለታሪክ ትምህርት ስላለው ጥቅምና ስለ ሁለቱ አቆጣጠሮች

በትምህርት ቤት ታሪክ የተማረ ሰው ሁሉ የዘመን መስመር ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ረጅም መስመር ይሰመራል፤ በየቦታው ጭረት ይደረግበታል፤ ከጭረቱ በታች ዓመቱ፣ ከጭረቱ በላይ የንጉሡ ስም ወይም የጦርነቱ ስፍራ ይጻፋል። ደወል ሲደወል ሰሌዳው ይጠረጋል፤ መስመሩም ከጠመኔው ጋራ ይጠፋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ይኸው መስመር ከሰሌዳ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ እጅ ስልክ ተዛውሯል። ተማሪው በጣቱ እየገፋ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄድበታል፤ የፈለገውን ዘመን አቅርቦ የቀረውን ያርቃል፤ ጭረቱን ሲነካው ፎቶግራፍ ወይም ካርታ ወይም አጭር መግለጫ ይከፈትለታል። መስመሩ ስለማይጠረግም በማግሥቱ ተመልሶ ሊያርመው ይችላል።

ስለዚህ መሣሪያ በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውም ምስጋና ነው። ምስጋናው ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን የተጻፈው አንድ አቆጣጠር ብቻ ለሚያውቁ ተማሪዎች ስለ ሆነ፣ እኛን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመንን ችግር አያነሣም። የእኛ ተማሪ በቤቱም፣ በገበያም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በአገሩ አቆጣጠር ይኖራል። ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ሲከፍት ግን ዓመቶቹ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ተጽፈው ያገኛቸዋል። ከአያቱ የሰማው የ1888 ዓድዋና ከመጽሐፉ ያነበበው የ1896 ዓድዋ አንድ ጦርነት መሆናቸውን ያውቅ ይሆናል። የቀሩት ታሪኮች ግን እንዲህ ያለ ዝና ስለሌላቸው ሁለቱ ቊጥሮች በአእምሮው ውስጥ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፣ በኮምፒዩተር የሚሠራው የዘመን መስመር በአገራችን ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እነዚህን ሁለት አቆጣጠሮች ተማሪው በራሱ እጅ እንዲያገናኝ ሲያደርገው መሆኑን ነው። ይህ ካልሆነ መሣሪያው ስሕተትን ከማሳመር አልፎ የሚሠራው ብዙ አይደለም። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የምንለው የአገራችንን፣ «እ.ኤ.አ.» የምንለው ደግሞ የአውሮጳውያንን አቆጣጠር ነው።

መስመሩ ከየት መጣ?

ጊዜን እንደ ገመድ ዘርግቶ በልክ መሸንሸን ለእኛ የተለመደ ስለ ሆነ ጥንትም የነበረ ይመስለናል። የቀድሞ ሰዎች ግን የነገሥታትን ዘመን የሚጽፉት በዝርዝር ወይም በሠንጠረዥ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሣርያው አውሳብዮስ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ታሪክ ጎን ለጎን ባቆመ ሠንጠረዥ አሰናድቶ ነበር፤ ይህም ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት ምሳሌ ሆኖ ኖረ። ሠንጠረዥ ቅደም ተከተልን ያሳያል፤ ርቀትን ግን አያሳይም። ሦስት ዓመት የነገሠውና ሠላሳ ዓመት የነገሠው እኩል አንዳንድ መደብ ይይዛሉ።

በልክ የተዘረጋ መስመር በሰፊው የታወቀው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ባርበ ዱቡር እ.ኤ.አ. በ1753 ከዓለም ፍጥረት እስከ ራሱ ዘመን ያለውን ታሪክ 16 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ባለው ወረቀት ላይ አሳተመ። ወረቀቱ በሁለት ጥቅል እንጨቶች ላይ ተጠምጥሞ በሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ተመልካቹም እጀታውን እያዞረ ዘመኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል። ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ በጣት የሚደረገው ነገር ያን ጊዜ በእጀታ ይደረግ ነበር ማለት ነው። «አዲስ» የሚባለው ሁሉ የቱን ያህል አዲስ እንደ ሆነ ለመመዘን ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

ከእርሱ ቀጥሎ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ ስለ ኦክሲጅን ባደረገው ምርምር የታወቀው ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1765 የታላላቅ ሰዎችን ዕድሜ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 ዓመት ጀምሮ እስከ 1800 ድረስ ለኖሩ 2,000 ያህል ሰዎች ለእያንዳንዳቸው እንደ ዕድሜያቸው ርዝመት አንዳንድ ሰረዝ አስምሮላቸዋል። ፕሪስትሊ በዚያን ጊዜ በዋሪንግተን አካዳሚ መምህር ስለ ነበረ ሥዕሉን ያሰበው ለማስተማሪያ ነው። ከሥራው ሁሉ እኛን የሳበን አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የአንድ ሰው የልደት ወይም የሞት ዓመት በእርግጥ ሳይታወቅ ሲቀር በሰረዝ ፈንታ ነጠብጣብ ያደርግ ነበር። ወደዚህ ነጠብጣብ ኋላ እንመለስበታለን።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በነፃ ከሚገኙት መሣሪያዎች መካከል በብዙ መምህራን ዘንድ የታወቀው ታይምላይን ጄ ኤስ የሚባለው ነው። በአሜሪካ አገር በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ናይት ላብ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። የተሠራው በመጀመሪያ ለጋዜጠኞች እንጂ ለመምህራን አልነበረም። ሠሪው ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልገውም፤ በጉግል ሺትስ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ረድፍ ይሞላል። ረድፉ ለዓመት፣ ለወር፣ ለቀን፣ ድርጊቱ ለተፈጸመበት ዓመት፣ ለርእስ፣ ለመግለጫ፣ ለሥዕልና ሥዕሉ ለተገኘበት ምንጭ ልዩ ልዩ ዓምዶች አሉት። ሠንጠረዡ በኢንተርኔት ሲወጣ መሣሪያው ከዚያ እያነበበ መስመሩን ይሠራዋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ መግለጫውን በአማርኛ መጻፍ ችግር የለበትም። ሠሪዎቹ ራሳቸው አንድ መስመር ከ20 የሚበልጥ ገጽ ባይኖረው ይሻላል ብለው ይመክራሉ፤ ምክሩም ለአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ የሚስማማ ነው።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው ዘመን የአውሮጳውያንን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ ሁሉንም በዓ.ም. ብንሞላው ምን አለ?» ሊል ይችላል። ዓመቱን ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ይሠራል። ወርና ቀን ሲጨመር ግን ነገሩ ይበላሻል። ስድስተኛው ወራችን የካቲት ነው፤ መሣሪያው ግን 6 የሚለውን ቊጥር «ጁን» ብሎ ያነበዋል። ሁለተኛው ወራችን ጥቅምት 30 ቀን አለው፤ በመሣሪያው ዘንድ ግን ሁለተኛው ወር ከ29 አያልፍም። 13ኛ ወር የሚባል ጨርሶ ስለማያውቅ ጳጉሜ ማረፊያ ታጣለች።

መፍትሔው በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። ከዓምዶቹ አንዱ ዲስፕሌይ ዴት ይባላል። በዚህ ዓምድ ውስጥ ሠሪው የጻፈው ማናቸውም ቃል በመሣሪያው ቀን ፈንታ ለተመልካች ይታያል። ስለዚህ በዓመት፣ በወርና በቀን ዓምዶች ውስጥ የአውሮጳውያኑን ቀን እንሞላለን፤ መሣሪያው ድርጊቱን በስፍራው የሚያስቀምጠው በዚያ ነው። በዲስፕሌይ ዴት ውስጥ ግን «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን፤ ተመልካቹ የሚያነበው ይህን ነው። በአንድ ረድፍ ሁለቱም አቆጣጠሮች ይገኛሉ። ይህ ትንሽ ዓምድ በእኛ አስተያየት ከሥዕሉና ከድምፁ ሁሉ ይበልጣል።

የ1888 ችግር

የሁለቱ አቆጣጠሮች መደባለቅ የአኃዝ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀን ነበር። የሚያስጨንቀን የነገርን ምክንያትና ውጤት መገልበጡ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ በሰፊው እንመልከት።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአገራችን የደረሰውን ክፉ ቀን የማያውቅ የለም። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የመጣ የቀንድ ከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅም አንበጣም ተጨመረበት፤ ከዚህም የተነሣ ስፍር ቊጥር የሌለው ሕዝብ አለቀ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለዚህ ረኃብ ባሳተሙት ጥናት ዘመኑን ከ1888 እስከ 1892 ብለው ወስነውታል፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ መጻሕፍትም የሚሰጡት በአብዛኛው ይህንኑ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ይህን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ዓድዋን ደግሞ ከአማርኛ መጽሐፍ ቀድቶ ሁለቱንም በአንድ መስመር ላይ ቢያስቀምጥ ምን ይሆናል? የረኃቡ መጀመሪያና የዓድዋ ጦርነት በአንድ ጭረት ላይ፣ በ1888 ላይ፣ ይወድቃሉ። መስመሩን የሚያይ ሰው አገሪቱ ከጦርነቱ የተነሣ ተጎድታ ለአራት ዓመታት ተራበች ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ መስመሩ የሚለው ይህንኑ ነውና።

እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ረኃቡ በአገራችን አቆጣጠር ከ1881 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረ ሲሆን ዓድዋ የመጣው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በትክክለኛው ቦታው ሲቀመጥ ረኃቡ የጦርነቱ ውጤት መሆኑ ቀርቶ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያስረዳ ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ ብለን ከ1880 እስከ 1889 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት በመሣሪያው ሠርተን አይተናል፤ መስመሩ እንደሚከተለው ይነበባል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብቱ በሽታ በሰሜን በኩል ይገባል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈስለው በማግሥቱ ያርፋሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ የውጫሌ ውል ይፈረማል። በዚያው ዓመት ክረምት ጣሊያኖች አሥመራን ይይዛሉ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ ይጭናሉ። ከነዚህ ድርጊቶች ሁሉ በላይ አንድ ረጅም ሰረዝ ተዘርግቷል፤ እርሱም ረኃቡ ነው። ውሉን የፈረመው፣ ዘውዱን የጫነው፣ አሥመራንም ሲያዝ ያየው አገር የተራበ አገር ነበር። ሰረዙ ካለቀ በኋላ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ያስታውቃሉ። በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ በጣሊያን ላይ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ጭረቶቹ ይጠጋጋሉ፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ፣ ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ፣ በጥር መቀሌ፣ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ።

ረጅሙ ሰረዝና ከእርሱ በኋላ የሚጠጋጉት ጭረቶች በአንድ እይታ ሲታዩ፣ የመጽሐፍ ምዕራፎች ለይተው የሚያስተምሩትን ነገር ያገናኙታል። ብዙውን ጊዜ ክፉው ቀን «ማኅበራዊ ታሪክ» በሚለው ምዕራፍ፣ ውጫሌ «የውጭ ግንኙነት» በሚለው ምዕራፍ ይጻፋሉ፤ ተማሪውም በአንድ ዓመት የሆኑ መሆናቸውን ሳያስተውል ያልፋል። ከዚህ መስመር የሚነሣው ጥያቄም የከበደ ነው፤ በሬው አልቆ ማረሻው ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያን ሁሉ ሠራዊት ወደ ትግራይ ያደረሰው ስንቅ ከየት ተገኘ? መሣሪያው ይህን አይመልስም። ጥያቄውን ግን ማንም ሳይነግረው ተማሪው ራሱ ሊያነሣው ይችላል፤ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

ስለ መለወጥ

አንዱን አቆጣጠር ወደ ሌላው መለወጥ ቀላል ይመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት መጨመር ነው። ወሩ ሳይታወቅ ዓመቱ ብቻ ሲሰጥ ግን ሰባት ይጨመር ስምንት የሚያስታውቅ ነገር የለም። በዚህ ምክንያት በአንዱ አቆጣጠር አንድ ዓመት የነበረው በሌላው ሁለት ይሆናል። አምባላጌና ዓድዋ ለእኛ ሁለቱም በ1888 የሆኑ ናቸው፤ በእ.ኤ.አ. ግን አንዱ በ1895 ሌላው በ1896 ነው። ደግሞ በተቃራኒው ዓድዋና በአዲስ አበባ ጥቅምት 17 ቀን የተፈረመው የሰላም ውል በእ.ኤ.አ. ሁለቱም በ1896 ሲሆኑ፣ በእኛ ውሉ የ1889 ዓ.ም. ነው። ኋላም በ1966 ዓ.ም. የካቲት የፈነዳው አብዮትና መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ በእ.ኤ.አ. የአንድ ዓመት፣ የ1974፣ ድርጊቶች ሆነው ይቈጠራሉ። አንዳንድ ጊዜ «አንድ ዓመት ሳይሞላ» ወይም «በቀጣዩ ዓመት» የሚለው አነጋገር በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተባለ ካልታወቀ ትርጉም የለውም።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓድዋ በዓል በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ሲከበር የአውሮጳውያኑ ቀን ማርች 2 ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጦርነቱ ማርች 2 ቀን 1896 ሆነ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አንድ ቀን ይስታል፤ የዚያን ዓመት የካቲት 23 ቀን ማርች 1 ነበረና። ምክንያቱ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. 1900ን ተራ ዓመት ስላደረገውና የእኛው እንደ ልማዱ ስድስተኛዋን የጳጉሜ ቀን ስለ ጨመረ ነው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን በቃል ማስረዳት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ሁለቱን የካቲት 23 ቀኖች በሁለት ረድፍ አስሞልቶ ማሳየት ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መለወጡን ለሚፈትሽ ተማሪ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የተዉት መልካም መሣሪያ አለ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። 1881 ሲደመር 7,381 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ እንግዲህ ዐፄ ዮሐንስ ያረፉት በዘመነ ማቴዎስ ነው። የዓድዋ ዓመት 7,388 ስለ ሆነ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። የቀድሞ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ወንጌላዊውን ስለሚጠቅሱ፣ ተማሪው ከአሮጌ ጽሑፍ ያገኘውን ዓመት በዚህ ሊፈትነው ይችላል። ወንጌላዊው ካልተስማማ ወይ ዓመቱ ተሳስቷል፣ ወይ ገልባጩ ተሳስቷል፣ ወይ የዓመት አቈጣጠሩ ሌላ ነው፤ ሦስቱም ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። ከሐረር ወይም ከሌላ የእስልምና ጽሑፎች የተገኘ ቀን ሲሆን ደግሞ የሒጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለ ሆነ በመደመርና በመቀነስ ብቻ አይገኝም፤ ለብቻው መሰላት አለበት።

ስለማይታወቁ ቀኖች

ወደ ፕሪስትሊ ነጠብጣብ እንመለስ። የኮምፒዩተሩ መስመር ዓመት ካልተሰጠው አንድም ጭረት አይሠራም። የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በገንዘቡ ላይ ጨረቃውን ትቶ መስቀል ያደረገው በ4ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ገንዘቡ ራሱ ይመሰክራል፤ በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ተማሪው ግን ባዶውን ዓምድ መሙላት አለበትና አንድ ቊጥር ይመርጣል፤ ያ ቊጥር በመስታወቱ ላይ ከዓድዋ ጋራ እኩል እርግጠኛ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ያገኘነው ዘዴ ፍጹም አይደለም። ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ዓመት ሰፊ ዘመን ሰጥቶ ጭረቱን ሰረዝ ማድረግ፣ በዲስፕሌይ ዴት ውስጥም «ገደማ» የሚለውን ቃል መጻፍ ነው። ከ250 ዓመት በፊት የነበረው ወረቀት ነጠብጣብ ሲኖረው የዛሬው መሣሪያ የሌለው መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የልኩም ጉዳይ አለ። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እርሷን መነሻ አድርገን ታሪካችንን በ10 ሜትር ግድግዳ ላይ በልኩ ብንዘረጋ፣ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ሁሉ ከ6 ሚሊሜትር ብዙም ያልበለጠ ቦታ ይይዛል፤ አክሱምም ላሊበላም ጎንደርም በዚያች ውስጥ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ማቅረብና ማራቅ ስለሚችል ይህን ችግር ያቃልላል። ግን ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩል አንድ ገጽ ስለሚሰጥ፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያልፍ ተማሪ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው አንድ ወር ይሁን አንድ ሺህ ዓመት ያለፈው አይሰማውም። ስለዚህ መምህሩ የተማሪውን ዓይን ከትልቁ ሥዕል አንሥቶ ከግርጌ ወዳለው ቀጭን መስመር መመለስ ይኖርበታል፤ ርቀቱ የሚታየው እዚያ ነውና።

በክፍል ውስጥ

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ መምህራን ስለምንሆን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንጨምር። መምህሩ ራሱ ሠርቶ የሚያሳየው መስመር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥዕል ብዙ አይለይም። ተማሪው ገጹን መግፋቱ ብቻ ተሳታፊ አያደርገውም። ኪት ባርተንና ሊንዳ ሌቭስቲክ የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች የዓመቱን ቊጥር ሳያውቁም የቀድሞ ዘመን ሥዕሎችን እንደየዘመናቸው በተራ ማስቀመጥ እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ልብሱን፣ ቤቱን፣ ተሽከርካሪውን አይተው ይፈርዳሉ። እንግዲህ ቅደም ተከተልን የማወቅ ችሎታ በልጁ ዘንድ አስቀድሞ አለ። የሚጎድለው ከዚያ ችሎታ ጋራ ቊጥሩን ማጋጠም ነው፤ ይህም የሚመጣው በመሥራት ነው።

እኛ የምንመርጠው አሠራር ክፍሉን አራት አራት ወይም አምስት አምስት አድርጎ ለእያንዳንዱ ቡድን አሥር ያህል ዓመታት መስጠት ነው። ቡድኑ ኮምፒዩተር ከመንካቱ በፊት በደብተር ላይ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ ድርጊቱ ምን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው መጽሐፍ ወይም ከየትኛው ሰው እንደ ተገኘ፣ ምንጩ ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሰጠ፣ በምንጩ የተጻፈው ቀን እንዳለ፣ ከዚያም የተለወጠው ቀን። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያከራክራል፤ ክርክሩንም መምህሩ ቶሎ ባያቆመው ይሻላል። ሌላው ክርክር 20 ድርጊት ብቻ ሲፈቀድ የትኛው ይቅር የሚለው ነው፤ ረኃቡን ትቶ ሦስት የዘውድ በዓል ያስገባ ቡድን ምክንያቱን ለክፍሉ ያስረዳ። ማርክ የሚሰጠውም ለደብተሩ ሠንጠረዥ እንጂ ለመስታወቱ ውበት ባይሆን እንወዳለን። ውበቱን የሰጠው መሣሪያው ነው።

የኢንተርኔት ነገር የታወቀ ነው። ታይምላይን ጄ ኤስ ሠንጠረዡን የሚያነበው ከኢንተርኔት ስለ ሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ትምህርቱም ይቋረጣል፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። ሠንጠረዡም ለማንም በግልጥ የሚታይ ስለሚሆን የተማሪዎችን ስም በእርሱ ላይ መጻፍ አይገባም። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሮጀክተር ያለው ትምህርት ቤት ቡድኖቹን በየተራ ማስገባት ይችላል። ምንም የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ዋናውን ሥራ በወረቀት ሊሠራው ይችላል፤ የደብተሩ ሠንጠረዥ ያው ነውና።

ለወረቀቱ ልክ ይሆናል ያልነው አንድ ወር አንድ ሴንቲሜትር ነው፤ ጳጉሜ 2 ሚሊሜትር ያህል ትይዛለች። በዚህ ልክ ከ1880 እስከ 1889 ዓ.ም. ያለው አሥር ዓመት 1 ሜትር ከ22 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ከጫፍ ጫፍ የተጣበቁ አምስት የደብተር ሉኮች በአግድም ሲቀመጡ ይበቁታል። ከመስመሩ በላይ የእኛ ዓመት በየመስከረም 1፣ ከመስመሩ በታች የአውሮጳውያኑ በየጃንዋሪ 1 ይጻፋል። የታችኛው ጭረት ከላይኛው ሁልጊዜ 4 ሴንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወደ ቀኝ ይወድቃል። ሰባትና ስምንት የሚጨመርበትን ምክንያት ተማሪው በማስመሪያው ለክቶ የሚያገኘው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከዚያ ጭረት ያለው የሰባት፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው መስከረም ያለው የስምንት ነው።